ረግረግ ላይ የሚገነቡ መንገዶችና ወደቦች፡ ውሃን ከሸክላማ አፈር የሚያስወጡት ‘ቁም ማፋሰሻዎች’ እንዴት ይሠራሉ?

በረግረግ ወይም በደለል ሜዳ ላይ በተሠራ አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። አስፋልቱ ገና አዲስ ነው፤ መኪናው ግን ድልድይ ጋ ሲደርስ ጎድ ብሎ ይነሳል፤ ድልድዩን ጨርሶ ሲወርድም እንደገና ዘጭ ይላል። ተሳፋሪ ጥፋቱን በአሽከርካሪው ወይም በአስፋልቱ ላይ ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከአስፋልቱ ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

ድልድዩ ጠንካራ መሬት ድረስ በወረዱ ምሰሶዎች ላይ የቆመ በመሆኑ አይሰምጥም። ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው የአፈር ሙሌት ግን ያረፈው በለስላሳው መሬት ላይ ነው፤ መንገዱ ተመርቆ ከተከፈተ በኋላም ቀስ እያለ መውረዱን ይቀጥላል።

ይህ ስምጠት ጨርሶ የሚቀር አይደለም። ሆኖም መቼ እንደሚከሰት መወሰን ይቻላል፤ ግንባታው ሳይጠናቀቅ ወይም ሕዝቡ መጠቀም ከጀመረ በኋላ። መሐንዲሶች ስምጠቱ ቀድሞ እንዲያልቅ ለማድረግ ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች ዋነኛው ‘ቨርቲካል ድሬን’ የሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ ‘ቁም ማፋሰሻ’ ብለነዋል።

ለስላሳ መሬት ለምን ይሰምጣል?

በሐይቅ ዳርቻ፣ በወንዝ አፍና በባሕር ጠረፍ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ሸክላማ አፈር እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ የተሞላ ነው። በጣም ለስላሳ በሆነ ሸክላ ውስጥ የውሃው ክብደት ከጠጣሩ ክብደት ጋር ሊስተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ አፈር ላይ ጭነት ሲያርፍ መጀመሪያ ሸክሙን የሚሸከመው አፈሩ ሳይሆን ውሃው ነው። ውሃ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምርና መውጫ ይፈልጋል። ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ሸክሙን ይረከባሉ፣ መሬቱም ይወርዳል፤ በዚያው ልክ ይጠነክራል።

አይብ ሲጣራ ያየ ሰው ሂደቱን በቀላሉ ይረዳዋል። በጨርቅ የተቋጠረው አይብ ላይ ጫና ሲደረግ አጓቱ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ የቀረው አይብ ያንሳል፣ ይጠብቃልም። ቸኩሎ በኃይል የሚጫን ሰው ግን ጨርቁን ይተረትረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በመንገድ ሥራ ላይ ሮለር የሚያከናውነው ጥቅጠቃ ከአፈሩ ውስጥ አየር ያስወጣል፤ በሰዓታት ውስጥም ይጠናቀቃል። መሐንዲሶች ‘ኮንሶሊዴሽን’ የሚሉት መርጋት ግን ውሃ የሚወጣበት ሂደት ነው፤ ዓመታትን ይፈጃል። በውሃ የተሞላ ወፍራም ሸክላን ሮለር ቢመላለስበት አያረጋውም።

85 ዓመት ወይስ 8 ወር?

የመርጋትን ሕግ በሒሳብ ያስቀመጠው በኦስትሪያ ዜግነቱ የሚታወቀው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ነው። በኢስታንቡል ሲያስተምር ባካሄዳቸው ሙከራዎች ላይ የተመሠረተውን ጥናቱን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) 1925 በቪየና አሳተመ። መጽሐፉ የዘመናዊ የአፈር ሜካኒክስ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከሕጉ ለግንባታ ወሳኝ የሆነው ይህ ነው፦ የሚፈጀው ጊዜ ውሃው እስኪወጣ ከሚጓዘው ርቀት ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ርቀቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ጊዜው ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል።

ለማሳያ 10 ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ እንውሰድ። ውሃው መውጣት የሚችለው በላይ በኩል ብቻ ነው እንበል፤ የአፈሩ የመርጋት ፍጥነት መለኪያም ለብዙ ለስላሳ ሸክላዎች የተለመደ የሆነው በዓመት 1 ስኩዌር ሜትር ይሁን። በቴርዛጊ ቀመር መሠረት 90 በመቶው ስምጠት እስኪጠናቀቅ 85 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከሸክላው በታች ውሃ የሚያሳልፍ አሸዋ ካለና ውሃው በሁለቱም በኩል ከወጣ ጊዜው ወደ 21 ዓመት ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ለየትኛውም መንገድ ወይም ወደብ የሚጠበቅ ጊዜ አይደለም።

አሁን በዚያው ሸክላ ውስጥ ቁም ማፋሰሻዎች በየ1.5 ሜትሩ ቢተከሉ ውሃው 10 ሜትር ወደ ላይ መጓዝ አይጠበቅበትም። ወደ ጎን ከአንድ ሜትር ያነሰ ተጉዞ የቅርቡ ማፋሰሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ክፍት ነው። ስሌቱ 22 ወር ገደማ ይሰጣል። ማፋሰሻዎቹ በየ1 ሜትሩ ከተተከሉ ደግሞ 8 ወር ገደማ ይበቃል። ብዙ ሸክላዎች በንብርብር የተቀመጡ በመሆናቸው ውሃን ወደ ጎን ይበልጥ ያሳልፋሉ፤ ይህም ጊዜውን ይበልጥ ያሳጥራል። በአንጻሩ በተከላው ወቅት የሚታወከው አፈር ያስረዝመዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ማፋሰሻው የስምጠቱን መጠን የማይቀንስ መሆኑ ነው። አንድ ሜትር ሊወርድ የነበረው መሬት አንድ ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ የሚወርደው አስፋልት ሳይነጠፍበት፣ ሕንጻ ሳይቆምበት መሆኑ ነው።

ከአሸዋ ምሰሶ ወደ ፕላስቲክ ጥብጣብ

ሐሳቡ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳንኤል ሞራን በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሸዋ በተሞሉ ጉድጓዶች ውሃን የማውጣት ዘዴን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ በለስላሳ መሬት ላይ በተሠሩ መንገዶች ተሞከረ።

በዚያው አሥርት ዓመት ስዊድናዊው ዋልተር ኬልማን አሸዋውን በካርቶን ጥብጣብ ተካው። ጥብጣቡ በውስጡ የውሃ መውረጃ ቦዮች ነበሩት፤ በማሽንም በፍጥነት ወደ መሬት ይገባል። እአአ በ1948 አሜሪካዊው ባሮን በማፋሰሻ ዙሪያ የሚካሄደውን መርጋት ለማስላት የሚያገለግለውን ቀመር አሳተመ። ኬልማንም በ1952 ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን በቫኪዩም የመጫን ሐሳብ አቀረበ።

ካርቶን መሬት ውስጥ ስለሚበሰብስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፕላስቲክ ቦታውን ያዘ። ዛሬ በዓለም በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ጥብጣብ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መካከሉ ቦይ ያለው ፕላስቲክ ሲሆን ዙሪያውን ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ስስ የማጣሪያ ጨርቅ ተሸፍኗል። በእስያ ከጁትና ከኮኮናት ቃጫ የተሠሩ ማፋሰሻዎችም ተሞክረው ሥራ ላይ ውለዋል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ መሬቱ ይቆፈርና ይመረመራል። የሸክላው ውፍረት፣ የሚይዘው ውሃ፣ ጥንካሬውና የመርጋት ፍጥነቱ በላቦራቶሪና በመስክ ይለካል። ጉድጓዶቹ ከተራራቁ በመካከላቸው ያለ ወፍራም ሸክላ ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል።

ቀጥሎ ማሽን የሚቆምበት የአሸዋ ምንጣፍ ይነጠፋል። ምንጣፉ ሌላም ሥራ አለው፤ በማፋሰሻዎቹ ወደ ላይ የሚወጣውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ጎን ያስወግዳል። ከዚያም በረጅም ምሰሶ ላይ የተገጠመ ቀጭን የብረት ቱቦ ጥብጣቡን በውስጡ ይዞ ወደ ሸክላው ይገባል። ከታች የታሰረች ትንሽ የብረት ሳህን ጥብጣቡን መሬት ውስጥ ታስቀረዋለች፤ ቱቦው ባዶውን ይወጣል፤ ጥብጣቡ ከላይ ይቆረጣል። ማሽኑ አንዱን ጨርሶ ወዲያው ወደሚቀጥለው ነጥብ ያልፋል። በትልቅ ፕሮጀክት ይህ በመቶ ሺዎች ጊዜ ይደጋገማል።

ማፋሰሻው ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ውሃውን የሚያስወጣው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚፈጥረው ደግሞ ከላይ የሚከመር አፈር ነው። ይህ ቅድመ ጭነት ይባላል። ብዙ ጊዜ ወደፊት ከሚያርፈው ግንባታ የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ይደረጋል፤ ስምጠቱ ካበቃ በኋላ ትርፉ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይወሰዳል።

ክምሩ በአንድ ጊዜ አይነሳም። ለስላሳው ሸክላ ገና ሳይጠነክር ብዙ ከተጫነበት ወደ ጎን ተንሸራትቶ ይደረመሳል። ስለዚህ ጥቂት ይጫናል፣ ይጠበቃል፣ ሸክላው ሲጠነክር እንደገና ይጨመራል። አፈር በቅርብ በማይገኝበት ወይም መደርመስ በሚያሰጋበት ቦታ መሬቱ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ተሸፍኖ በፓምፕ ቫኪዩም ይፈጠርበታል። በተግባር የሚገኘው ግፊት 80 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን ይህም አራት ሜትር ከፍታ ካለው የአፈር ክምር ጋር ይቀራረባል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልኬት አይቋረጥም። ከክምሩ ሥር የተቀበሩ ሳህኖች መሬቱ ምን ያህል እንደወረደ ያሳያሉ፤ ፒዬዞሜትር የሚባሉ መሣሪያዎች በሸክላው ውስጥ የቀረውን የውሃ ግፊት ይለካሉ። ጭነቱ መቼ ይነሳ የሚለውን ጥያቄ መመለስ ያለበት ይህ መረጃ ነው እንጂ የምረቃ ቀን አይደለም።

ባንኮክ፡ ከእባብ ረግረግ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ

የባንኮክ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ‘የኮብራ ረግረግ’ ይባል በነበረ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው የባንኮክ ሸክላ በዓለም ላይ በስፋት ከተጠኑ ለስላሳ አፈሮች አንዱ ነው።

መሐንዲሶቹ በቀጥታ ወደ ግንባታ አልገቡም። በ1990ዎቹ በቦታው ላይ ሦስት የሙከራ ክምሮች ተሠሩ፤ በአንዱ ማፋሰሻዎቹ በየ1.5 ሜትሩ፣ በሁለተኛው በየ1.2 ሜትሩ፣ በሦስተኛው በየ1 ሜትሩ ተተከሉ። ስምጠቱና የውሃ ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ተለካ። ለአውሮፕላን መንደርደሪያዎቹ የተመረጠው የተተከሉ ማፋሰሻዎችና የቅድመ ጭነት ጥምረት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው እአአ መስከረም 2006 ሥራ ጀመረ።

ከባንኮክ የሚገኘው ትምህርት በሙከራው ላይ የጠፋው ጊዜ አለመባከኑ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ናሙናዎች የተገመተው ፍጥነት በሜዳው ላይ ካለው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ሙሉ መጠን ያለው የሙከራ ክምር ልዩነቱን በትንሽ ወጪ ቀድሞ ያሳያል።

ካንሳይ፡ ማፋሰሻ ያልደረሰበት ሸክላ

የዘዴው ወሰን በጉልህ የታየው በጃፓን ነው። የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ከኦሳካ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአማካይ 18 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ በተሠራ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ይገኛል። እአአ መስከረም 1994 ተከፈተ፤ ሁለተኛው ደሴት በ2007 ሥራ ጀመረ።

ከባሕሩ ወለል ሥር መጀመሪያ የሚገኘው 20 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለስላሳ ሸክላ ነው። ከሁለቱ ደሴቶች በታች 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአሸዋ ማፋሰሻዎች ተተክለው ይህ ንብርብር በግንባታው ወቅት እንዲረጋ ተደርጓል። በታቀደው መሠረትም ሠርቷል።

ከሱ በታች ግን በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ውፍረት ያለው፣ ሸክላና አሸዋ የተፈራረቁበት ጥንታዊ ንብርብር አለ። እስከዚያ ድረስ ማፋሰሻ መትከል አይቻልም። የደሴቱ ክብደት ውሃውን ከዚህ ጥልቅ ሸክላ ቀስ እያለ እያስወጣው ነው። የመጀመሪያው ደሴት ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ በአማካይ ከ13 ሜትር በላይ ሰምጧል፤ ከዚህ ውስጥ ከ3 ሜትር በላይ የሆነው አውሮፕላን ማረፊያው ከተከፈተ በኋላ ነው። በ1994 በዓመት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ፍጥነት አሁን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ወርዷል።

ጃፓናውያኑ መሬቱ እንደሚሰምጥ ስለሚያውቁ ሕንጻውን ለዚያ አዘጋጅተውታል። የመንገደኞች ተርሚናሉ 900 ገደማ ምሰሶዎች በሃይድሮሊክ ጃክ ተነስተው ከሥራቸው የብረት ሳህን ሊገባባቸው በሚችል መንገድ ተሠርተዋል። አንዱ ጥግ ከሌላው ሲያንስ ይስተካከላል። ቢሆንም መሬት ሲወርድ ባሕር ይቀርባል። መስከረም 2018 ጄቢ የተባለው አውሎ ነፋስ ያስነሳው ማዕበል መንደርደሪያውን አጥለቀለቀው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ለጊዜው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የባሕር መከላከያ ግድግዳዎቹ ከፍ እንዲሉ ተደርጓል።

በምሥራቅ አፍሪካ ጥያቄው የት ይነሳል?

ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ባለው ጠረፍ ወደቦች እየተስፋፉ ነው። ባሕር በሚሞላበት፣ የማንግሮቭ ጭቃ ባለበት ወይም ወንዝ ደለሉን በሚያራግፍበት ቦታ ሁሉ የኮንቴይነር ማከማቻ ሜዳ ለመሥራት የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ከሥር ምን ያህል ለስላሳ ሸክላ አለ የሚለው ነው። ኮንቴይነር ተደራርቦ የሚቆምበት ሜዳ ከባድ ጭነት ይሸከማል፤ የክሬን ሐዲድ ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ሥራ ያስተጓጉላል።

በመሐል አገር ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የካምፓላ ኮረብቶች በረግረግ ሸለቆዎች የተከበቡ ናቸው። እአአ በ2009 የተከፈተውና 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የካምፓላ ሰሜናዊ ማለፊያ መንገድ ሉቢጊን የመሰሉ ረግረጎችን ያቋርጣል። በፓፒረስ ረግረግ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ንጹሕ ሸክላ ብቻ ሳይሆን ፒት የሚባለው በግማሽ የበሰበሰ የእጽዋት ክምችት ጭምር ነው። በሩዋንዳ ፒት ተቆፍሮ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይነዳል።

በፒት ላይ ቁም ማፋሰሻ የሚሰጠው ጥቅም ውስን ነው። ውሃው ከወጣ በኋላም ቃጫው ራሱ ለዓመታት መጨማደዱን ይቀጥላል፤ ይህን ማፋሰሻ አያፋጥነውም። ስለዚህ ፒቱ ስስ ከሆነ ተቆፍሮ በድንጋይ ይተካል፤ ወፍራም ከሆነ መንገዱ በምሰሶ ላይ ይሠራል ወይም አቅጣጫውን ይለውጣል። አቅጣጫ መለወጥ ረግረጉን ራሱንም ይጠብቃል፤ ረግረግ የጎርፍ ውሃ መያዣና ማጣሪያ ነውና።

የኢትዮጵያ አንባቢዎች ምናልባት የሚያስቡት ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለውን ጥቁር አፈር ይሆናል። እሱ ግን ሌላ ችግር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳ የሚሰነጥቀውና መንገድ የሚያጎብጠው ይህ መፈራረቅ ነው። መፍትሔውም አፈሩን ማንሳት፣ በኖራ ማከም ወይም ውሃ እንዳይደርስበት ማድረግ ነው እንጂ ቁም ማፋሰሻ መትከል አይደለም። ቁም ማፋሰሻ የሚያገለግለው ሁልጊዜ በውሃ ለተሞላ፣ ለስላሳና ወፍራም ሸክላ ነው።

ዘዴው የሚከሽፈው እንዴት ነው?

ማፋሰሻ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በሐሳቡ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ነው። የብረት ቱቦው ሲገባና ሲወጣ በዙሪያው ያለውን ሸክላ ይለቀልቀዋል፤ የተለቀለቀው ሸክላ ውሃን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ማፋሰሻዎችን እጅግ አቀራርቦ መትከል ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ ጥብጣብ መሬቱ ሲወርድ ይታጠፍና ቦዩ ይዘጋል፤ የማጣሪያ ጨርቁም በደቃቅ አፈር ሊደፈን ይችላል። የአሸዋ ምንጣፉ በጭቃ ከተበከለ ደግሞ ወደ ላይ የመጣው ውሃ መሄጃ ያጣል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ከመጠበቂያው ጊዜ ላይ መቀነስ ነው። ሥራው ሲዘገይ በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚያጥረው መስመር ይህ ነው፤ ምክንያቱም በመጠበቂያው ወራት በሜዳው ላይ የሚታይ እንቅስቃሴ የለም። ክምሩ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ማሽኖች ቆመዋል፤ የብድር ወለድ ይቆጥራል። ለኃላፊም ሆነ ለሥራ ተቋራጭ ባዶ ጊዜ ይመስላል። ከመሬት በታች ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። 90 በመቶ መርጋት ሲጠበቅበት በ60 በመቶ ላይ የተነሳ ጭነት ቀሪውን ስምጠት ለአስፋልቱ ያወርሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የተቆጠቡት ወራት በዓመታት ጥገና ይመለሳሉ፤ ወጪውን የሚሸፍነውም መንገዱን የሚጠቀመው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ ረግረግ ወይም የባሕር ሙሌት ላይ አዲስ ግንባታ ሲታወጅ ከርዝመቱና ከዋጋው ባሻገር ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። መሬቱ በስንት ቦታ፣ እስከ ምን ጥልቀት ተቆፍሮ ተመረመረ? ከሥር የሚገኘው ሸክላ ነው ወይስ ፒት? ማፋሰሻዎቹ የሸክላውን ወለል ይነካሉ ወይስ ከሥራቸው ያልረጋ ንብርብር ይቀራል? ለመጠበቂያ የተያዘው ጊዜ ስንት ወር ነው? ጭነቱ የተነሳው በየትኛው ልኬት መሠረት ነው? ከርክክብ በኋላ የሚቀረው ስምጠት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ተገምቷል? የሚለካውስ ማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥር የተደገፈ መልስ ያለው ፕሮጀክት ስምጠቱን በግንባታው ዘመን ይጨርሳል። መልስ የሌለው ደግሞ ከተመረቀ በኋላ መውረዱን ይቀጥላል።